የቅድመ አያት ቤት የት ነበር? በድሮ ካርታና በሕዝብ ቆጠራ መዝገብ የመፈለጊያ መመሪያ

«የቅድመ አያቴ አድራሻ በእጄ አለ። ጉግል ካርታ ላይ አስገባሁት፤ ያወጣልኝ ግን የመኪና ማቆሚያ ነው። ቤቱ ፈርሷል ማለት ነው?»

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ሰውና ከተማው ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። መልሴም አንድ ነው፤ ፈርሷል ለማለት ገና ነው። የቤት ቁጥር ይቀየራል። የመንገድ ስም ይቀየራል። አንዳንዴ የከተማው ስም ራሱ ይቀየራል። መስቀለኛው መንገድ፣ የባቡር ሐዲዱና ቤተ ክርስቲያኑ ግን ብዙ ጊዜ ባሉበት ይቆያሉ። ጎረቤት ከጎረቤት የተከተለበት ቅደም ተከተልም መዝገብ ላይ እንደተጻፈ ይቀራል። ቤቱን የምናገኘው እነዚህን ይዘን ነው።

ምሳሌዎቼ በብዛት ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከአየርላንድ ናቸው። የእነሱ ቆጠራ ሰዉን በስም የሚዘረዝርና ኢንተርኔት ላይ የሚታይ ስለሆነ ነው። አካሄዱ ሌላ አገርም ያው ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ መዝገቦቹም የሚጠቀሙት እሱን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፒውተር። መዝገቡን በስልክም ማንበብ ይቻላል፤ ካርታ ላይ ግን ስክሪኑ ይጠባል።
- ደብተር ወይም የኤክሴል ሠንጠረዥ።
- የፋሚሊሰርች አካውንት። የድሮ የቤተሰብ መዝገቦችን የያዘ ድረ ገጽ ነው፤ ነጻ ነው።
- ጉግል ኧርዝ ፕሮ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የሳተላይት ምስል ማያ ፕሮግራም። እሱም ነጻ ነው።
- በቤት ውስጥ ያለ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ፦ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት፣ የውትድርና ምዝገባ፣ የደብዳቤ ፖስታ። ፖስታ አትናቁ። አድራሻውም የፖስታ ቤቱ ማኅተም ቀንም በአንድ ላይ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ሰውና አንድ ዓመት ምረጡ

«ቤተሰቡ የኖረበት ቤት» ብላችሁ አትጀምሩ። ተከራይ ቤተሰብ በአሥር ዓመት ውስጥ አራት ቤት ሊቀያይር ይችላል። አንድ ሰው ያዙ፤ ለአንድ የቆጠራ ዓመት የሚቀርበውን አድራሻ ያዙ። አድራሻውን ስትጽፉ ከየትኛው ወረቀት እንዳገኛችሁትና ወረቀቱ የተጻፈበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ። ቀን የሌለው አድራሻ በኋላ ሁለት ቤት ሲመጣባችሁ የትኛው እንደሚቀድም አይነግራችሁም።

ደረጃ 2፦ የትኛው ቆጠራ ክፍት እንደሆነ እወቁ

የቆጠራ መዝገብ የሰው ምስጢር ስላለበት ለብዙ ዓመት ይዘጋል። አሜሪካ 72 ዓመት ትዘጋለች፤ የ1950ው ቆጠራ የተከፈተው በሚያዝያ 2022 ነው። ካናዳ 92 ዓመት ትጠብቃለች፤ የ1931ዱን በ2023 ከፍታለች። የእንግሊዝና ዌልስ የ1921 ቆጠራ በ2022 ወጥቷል።

የጠፉትንም እወቁ፤ የሌለ ነገር ስትፈልጉ ሳምንታት እንዳይሄዱባችሁ። የአሜሪካ የ1890 ቆጠራ በ1921 በደረሰ ቃጠሎ ከጥቂት ገጾች በቀር የለም። የእንግሊዝና ዌልስ የ1931 ቆጠራ በ1942 ተቃጥሏል። በ1941 በጦርነቱ ምክንያት ጭራሽ አልተቆጠረም። ያንን ክፍተት የሚሞላው በመስከረም 1939 የተደረገው የሕዝብ ምዝገባ ነው። ለአየርላንድ የ1901ንና የ1911ን በነጻና በሙሉ ታገኛላችሁ፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ አሉ።

ደረጃ 3፦ ሰውየውን መዝገቡ ውስጥ አግኙት

ቆጣሪው ስሙን የጻፈው በሰማው መጠን ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው የእጅ ጽሑፉን አንብቦ ወደ ኮምፒውተር አስገብቶታል። ሁለት የስህተት በር አለ ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ አልወጣም ብላችሁ የለም አትበሉ። የአባት ስሙን አውጥታችሁ በመጀመሪያ ስም፣ በዕድሜና በትውልድ ቦታ ብቻ ሞክሩ። በተጠራጠራችሁበት ፊደል ቦታ የኮከብ ምልክት አስገቡ። እሱም ካልሠራ ያልተለመደ ስም ያለውን ልጅ ፈልጉ፤ አባትየው ከልጁ በላይ ባለው መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ያገኛችሁት ሰው የእናንተው መሆኑን በቤተሰቡ አረጋግጡ። የሚስቱ ስም፣ የልጆቹ ቅደም ተከተል፣ ሙያው መግጠም አለበት። በዕድሜ ብቻ አትመኑ። የእንግሊዝ የ1841 ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ዕድሜ ወደ ታች ባለው የአምስት ብዜት እንዲመዘገብ ያዝዝ ነበር፤ የ34 ዓመት ሰው 30 ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ።

በስም ጨርሶ እምቢ ካለ በአድራሻ ግቡ። የአሜሪካ ቆጠራ ከተማውን በትንንሽ የቆጠራ ቀጠና ይከፋፍል ነበር፤ አንዱ ቀጠና ለአንድ ቆጣሪ። ስቲቭ ሞርስ የሚባል ሰው ያዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ ከተማውን፣ መንገዱንና አቋራጭ መንገዶቹን ስታስገቡ የቀጠናውን ቁጥር ያወጣላችኋል። ከዚያ የቀጠናውን ገጾች አንድ በአንድ ማየት ነው። ያደክማል፤ ግን ይሠራል።

ደረጃ 4፦ ገጹን ሙሉ አንብቡ፤ ቆጣሪውን ተከተሉት

አብዛኛው ሰው ስሙን አግኝቶ ስክሪንሾት አንስቶ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው።

ቆጣሪው ቤት ለቤት በእግሩ ሲዞር መዝገቡ አካሄዱን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ከቅድመ አያታችሁ በፊት ያሉትን አሥር ቤቶችና በኋላ ያሉትን አሥር ቤቶች ገልብጡ። የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የአባወራው ስም፣ ሙያው ይበቃል። በብዙዎቹ የአሜሪካ ቅጾች የመንገዱ ስም በግራ ጠርዝ ላይ ከታች ወደ ላይ ተጽፏል፤ ገጹን አዙራችሁ አንብቡት።

በቅርበት እንየው። እንበልና ቅድመ አያታችሁ 47 ቁጥር ላይ ተጽፏል። ከእሱ በላይ ያሉት መስመሮች 39፣ 41 እና 43 ናቸው። 45 የለም። 43 ላይ ያለው ሰው ሙያው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከ47 ቀጥሎ ቆጣሪው መስመር አስምሮ ሌላ የመንገድ ስም ጽፎ ቁጥሩን ከ2 ይጀምራል። ከዚህ አምስት መስመር ምን አገኘን? አንደኛ፣ ቆጣሪው ከ47 በኋላ ስለታጠፈ ቤቱ የማዕዘን ቤት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ 45 ወይ ባዶ ቦታ ነው፣ ወይ ሰው የማይኖርበት ሕንፃ ነው፣ ወይ ሲቆጠር ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ሦስተኛ፣ ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ ዳቦ ቤት ሊኖር ይችላል። እነዚህን ሦስት ግምቶች ያዙልኝ፤ ካርታው ላይ እንፈትሻቸዋለን።

ማስጠንቀቂያ፦ መስመሩ ላይ ከአንድ በላይ ቁጥር አለ። አንዱ የቤት ቁጥር ነው። ሌሎቹ ቆጣሪው የሰጣቸው ተራ ቁጥሮች ናቸው፤ ስንተኛ የጎበኘው ቤት፣ ስንተኛው ቤተሰብ እያሉ የሚሄዱ። በእንግሊዝ መዝገቦች የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ያለው የቅጽ ቁጥር ነው እንጂ የቤት ቁጥር አይደለም። መለያው ቀላል ነው። ቁጥሩ ሳይዘል 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ ገጽ ከገጽ ከቀጠለ ተራ ቁጥር ነው። እኔ ራሴ ይህን ሳላስተውል ለሦስት ወር የሌላ ቤተሰብ ቤት ስመረምር ከርሜያለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። በ1940 እና በ1950 የአሜሪካ ቆጠራ፣ ቆጣሪው ሲመጣ ያልተገኙ ሰዎች የተጻፉት በቀጠናው መጨረሻ ባሉ ገጾች ነው፤ በ1940 ከገጽ 61፣ በ1950 ከገጽ 71 ጀምሮ። የእናንተ ሰው እዚያ ከተገኘ ከጎኑ የተጻፉት ጎረቤቶቹ አይደሉም። የቤት ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ዋናዎቹ ገጾች ተመለሱ። በእንግሊዝ የ1911 ቆጠራ ደግሞ እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ቅጽ ላይ ስለሆነ ጎረቤት አይታይም፤ የቤቶቹን ቅደም ተከተል የምታገኙት ከቆጣሪው የማጠቃለያ መዝገብ ነው። እሱ ሰው የሌለባቸውን ሕንፃዎችም ስለሚጠቅስ በጣም ይጠቅማል። ከዚያ በፊት ባሉት የእንግሊዝ ቆጠራዎች ደግሞ የመዝገቡ መጀመሪያ ላይ የቀጠናው ወሰን በየመንገዱ ተገልጿል፤ ሳታነቡት አትለፉ።

ደረጃ 5፦ ስሙና ቁጥሩ ተቀይሮ እንደሆነ አጣሩ

የመኪና ማቆሚያው እንቆቅልሽ ብዙ ጊዜ የሚፈታው እዚህ ነው። ቺካጎ በ1909 የከተማዋን የቤት ቁጥሮች በአዲስ ሥርዓት ቀይራለች፤ መሀል ከተማው በ1911 ተከተለ። ከዚያ በፊት የተጻፈ የቺካጎ አድራሻ ዛሬ ሌላ ቦታ ይወስዳችኋል፤ አንዳንዴም ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። የበርሊን ድሮ መንገዶች ቁጥር በአንድ ጎን እስከ መጨረሻው ሄዶ በሌላው ጎን ይመለሳል፤ ስለዚህ ከ1 ቁጥር ፊት ለፊት የሚገኘው የመንገዱ የመጨረሻ ቁጥር ነው። ሙሉና ጎዶሎ ቁጥር ትይዩ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው እዚያ ይጠፋል። የከተማ ስምም እንዲሁ ነው። ሴንት ፒተርስበርግ በ1914 ፔትሮግራድ፣ በ1924 ሌኒንግራድ ሆኖ በ1991 ወደ ድሮ ስሙ ተመልሷል። የዛሬዋ ልቪቭ ሌምበርግም ልቩፍም ተብላ ተጽፋ ታገኟታላችሁ።

እንዴት ታጣራላችሁ? የከተማ አድራሻ ማውጫ ፈልጉ። ይህ የነዋሪውን ስም፣ ሙያና አድራሻ ዘርዝሮ በየዓመቱ ወይም በየጥቂት ዓመቱ የሚታተም መጽሐፍ ነበር። ብዙዎቹ ሁለት ክፍል አላቸው፤ አንዱ በስም፣ ሌላው በመንገድ። የምንፈልገው የመንገዱን ክፍል ነው። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ሲዘረዝር በመሀል «እዚህ ጋ እገሌ መንገድ ያቋርጣል» ይላል። 47 ከየትኛው መስቀለኛ መንገድ በፊት እንደሆነ ካወቃችሁ ቁጥሩ አሥር ጊዜ ቢቀየር አያሳስባችሁም። ቁጥር የቀየሩ አንዳንድ ከተሞችም የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር ጎን ለጎን የያዘ ሠንጠረዥ አሳትመዋል፤ የአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ይጠየቅ።

ደረጃ 6፦ ለዓመቱ የሚቀርብ ትልቅ ካርታ ፈልጉ

ድሮ መሆኑ ብቻ አይበቃም። የካርታው መስፈርት፣ ማለትም መሬቱ ስንት ጊዜ አንሶ እንደተሳለ የሚናገረው ልክ፣ ቤት የሚያሳይ መሆን አለበት። 10 ሜትር ስፋት ያለው ቤት በ1፡50,000 ካርታ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ አይታይም። በ1፡10,560 ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ1፡2,500 ላይ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የቤቱ ቅርጽ እዚህ ላይ መታየት ይጀምራል።

- ለእንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ፦ የኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ መንግሥት የካርታ ድርጅት) 1፡2,500 ካርታዎች። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያሉ።
- ለአሜሪካ ከተሞች፦ የሳንቦርን የእሳት መድን ካርታዎች። ኩባንያው ሥራ የጀመረው በ1867 ነው። ብዙዎቹ ሉሆች 1፡600 ስለሆኑ ያ 10 ሜትር ቤት 1.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ይታያል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ብዙ አሉ።
- ለአየርላንድ፦ ከ1847 እስከ 1864 ለግብር ሲባል የተካሄደው የመሬትና የቤት ግምት፣ የግሪፊዝ ግምገማ የሚባለው፣ ከነካርታዎቹ። የይዞታው ቁጥር ከስም ዝርዝሩ ጋር ይገጥማል።
- ለቀድሞው የሐብስበርግ ግዛት (ኦስትሪያ፣ ሃንጋሪና አካባቢው)፦ አርካነም የሚባለው ድረ ገጽ የድሮ ወታደራዊ ቅየሳዎቹን በዛሬው ካርታ ላይ አሳርፎ ያሳያል።
- ለሌላው ሁሉ፦ ኦልድ ማፕስ ኦንላይን ላይ የቦታውን ስም አስገቡ፤ የተለያዩ ቤተ መጻሕፍትን ካርታ በአንድ ላይ ይፈልግላችኋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሳንቦርንን የሚስተካከል አላየሁም። የተሠራው ለእሳት መድን ስለሆነ ቤቱ ከምን እንደተሠራ በቀለም ይናገራል። ሮዝ ጡብ ነው፣ ቢጫ እንጨት ነው፣ ሰማያዊ ድንጋይ ነው። ሕንፃው ውስጥ ያለው ቁጥር የፎቁን ብዛት ይነግራል። የእንግሊዝኛው ዲ ፊደል መኖሪያ ቤት፣ ኤስ ፊደል ሱቅ ማለት ነው። የቤት ቁጥሩ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ተጽፏል፤ ቁጥር በተቀየረበት ከተማ አንዳንዴ የድሮውም የአዲሱም ጎን ለጎን ይገኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ የታተመበትን ዓመት አትመኑ። የካርታው ጠርዝ ላይ የተቀየሰበትና የታደሰበት ዓመት ለየብቻ ይጻፋል። በ1910 የታተመ ካርታ በ1907 የነበረውን ሊሆን ይችላል የሚያሳየው። ሳንቦርን ደግሞ አዲስ ቤት ሲሠራ በድሮው ሉህ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይለጠፍበት ነበር፤ ስለዚህ አንድ ሉህ ላይ የሁለት ዘመን ቤቶች ሊኖሩ ይችላሉ።

ደረጃ 7፦ መዝገቡንና ካርታውን አጋጥሙ

አሁን ሦስቱን ግምቶች አምጧቸው። የማውጫው መጽሐፍ የነገራችሁን መስቀለኛ መንገድ ካርታው ላይ አግኙ። ማዕዘኑ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቢጫ ቤት፣ ውስጡ ዲ። ከጎኑ ባዶ ቦታ። ከዚያ ቀጥሎ ሮዝ ሕንፃ፣ ውስጡ ኤስ። ዳቦ ቤቱ ይኸውላችሁ፤ 45ም ያልተሠራበት ቦታ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ያለው ቢጫ ቤት 47 ነው። ቁጥሩ ካርታው ላይ ባይጻፍ እንኳ በጎረቤቶቹ ተይዟል።

ካልገጠመ ቆጣሪው ከሌላው ጫፍ ጀምሮ ይሆናል። ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ አንብባችሁ እንደገና ሞክሩ።

ለአየርላንድ ተጨማሪ መፈተሻ አለ። በ1901 እና በ1911 ቆጠራ ቢ 1 የሚባለው ቅጽ ስለ ቤቱ ራሱ ይናገራል፦ ግድግዳው ጡብ ወይም ድንጋይ ነው ወይስ ጭቃ፣ ጣራው ሣር ነው ወይስ ሌላ፣ ስንት ክፍል አለው፣ ፊት ለፊቱ ስንት መስኮት አለው። የዘመኑ ፎቶ ካላችሁ መስኮቶቹን ቁጠሩ።

ገጠር ከሆነ የቤት ቁጥር የለም። እዚያ በጎረቤት የመፈለግ ዘዴ ብቻውን ይሠራል። ከቅድመ አያታችሁ በላይና በታች የተጻፉት ገበሬዎች የመሬት ባለቤት ከሆኑ የእነሱን ይዞታ ፈልጉ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች መንግሥት መጀመሪያ የሰጠው መሬት ሰነድ በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ። የሁለቱን ጎረቤቶች መሬት ካርታ ላይ ካስቀመጣችሁ የእናንተው ሰው ብዙ ጊዜ በመሀል ነው።

ደረጃ 8፦ ቦታውን በዛሬው ካርታ ላይ አሳርፉ

የስኮትላንዱ ድረ ገጽ ካርታውን በሳተላይት ምስል ላይ አሳርፎታል፤ የግልጽነት መቆጣጠሪያውን ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ብቻ ነው። ለሌላ ካርታ ጉግል ኧርዝ ፕሮ ተጠቀሙ። የካርታውን ምስል በላዩ ጨምሩ፣ ግልጽነቱን ግማሽ አድርጉት፣ ከዚያ እየጎተታችሁ አስተካክሉ።

ለማስተካከያ ቢያንስ አራት ነጥብ ምረጡ፤ ከቤቱ በአራቱም አቅጣጫ ቢሆኑ ይሻላል። የድሮ ቤተ ክርስቲያን ማዕዘን፣ የባቡር ድልድይ፣ የመንገዶች መሀል መስመር የሚገናኙበት ነጥብ ጥሩ ናቸው። የመንገድ ጠርዝ አትምረጡ፤ መንገድ ይሰፋል። የወንዝ ዳርም አትምረጡ፤ ወንዝ ይሸሻል። በሁለት ነጥብ ብቻ ያሳረፋችሁት ካርታ መሀሉ የገጠመ ይመስልና ጠርዙ ላይ ቤቱን ጎረቤት ግቢ ያስገባዋል።

ሲገጥም ምልክት አድርጉና ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ጻፉ። ከዛሬው የቤት ቁጥር ይልቅ ይህኛውን ነው ለልጆቻችሁ የምታቆዩት።

ደረጃ 9፦ በሌላ ማስረጃ አረጋግጡ

ሰውየው የቤቱ ባለቤት ከነበረ የሽያጭ ውሉ በአካባቢው የመሬት መዝገብ ቢሮ ይኖራል። የቦታው ወሰን «ከማዕዘኑ ይህን ያህል ጫማ» ተብሎ ሊለካ ይችላል፤ ጉግል ኧርዝ ላይ በመለኪያው ለኩት። ተከራይ ከነበረ ከቆጠራው በፊትና በኋላ ያሉትን የአድራሻ ማውጫዎች እዩ። መጨረሻ ላይ ከቦታው ጎን «እርግጠኛ»፣ «ሳይሆን አይቀርም» ወይም «ግምት» ብላችሁ ጻፉ፤ ምክንያቱንም ጨምሩ። ሳትጽፉ ከተዋችሁት ግምታችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ለዘመድ እንደ እውነት ይነገራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት

- ዛሬ የቆመው ቤት የድሮው ቤት ነው ብሎ መደምደም። ቦታው ያው ሆኖ ቤቱ ሁለቴ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። የተለያየ ዓመት ካርታ ላይ የቤቱን ቅርጽ አወዳድሩ።
- ገንዘብ የሚያስከፍል ድረ ገጽ ላይ መጀመር። መጀመሪያ ነጻዎቹን ጨርሱ። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም የሚከፈልባቸውን ድረ ገጾች እዚያው ቁጭ ብላችሁ በነጻ እንድታዩ ያደርጋሉ።
- ኮምፒውተሩ የገለበጠውን ጽሑፍ አምኖ የመዝገቡን ምስል አለማየት። 1 እና 7፣ 3 እና 8 በእጅ ጽሑፍ ይቀላቀላሉ። ቆጣሪው 7 አጻጻፉ እንዴት እንደሆነ ከሌላ መስመር ላይ አይታችሁ አወዳድሩ።

ወደ ቦታው ከመሄዳችሁ በፊት

ዛሬ እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ስለ እናንተ ቅድመ አያት የሚያውቁት ነገር የለም። ሳታሳውቁ ግቢ አትግቡ፣ የቤታቸውን ፎቶ ከእነ አድራሻው ኢንተርኔት ላይ አትለጥፉ። ከሳምንት በፊት አጭር ደብዳቤ ላኩላቸው፤ የድሮውን ካርታ ቅጂም አብራችሁ ጨምሩ። መልስ ካልመጣ ከሕዝብ መንገድ ላይ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከማዕዘኑ ጀምራችሁ በእግር ቁጠሩ፤ ባዶው ቦታ፣ ከዚያ ዳቦ ቤቱ የነበረበት።